ዓይን የበዛበት ሸራ፦ እስክንድር ቦጎሲያን ከደብተራ ክታብ እስከ ፓሪስ ሱሪያሊዝም

በሥዕል ወዳጆች ዘንድ የእስክንድር ቦጎሲያን ስም እንግዳ አይደለም፤ ታሪኩን ግን አብዛኞቻችን የያዝነው በቁራጭ በቁራጩ ነው። አዲስ አበባ ያለው ሰው በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ጥቂት ዓመት አስተምሮ የሄደውን መምህር ያነሳል። ዋሺንግተን ያለው የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲውን ፕሮፌሰር ያስታውሳል። የውጭ አገር ጸሐፊዎች ደግሞ ከሱሪያሊስቶች ጎራ መድበውት ያልፋሉ። ከሸራዎቹ ላይ የሚያፈጡት ዓይኖች፣ ክንፍ ያወጡት ፍጥረታትና በየጥጉ የተሰገሰጉት ምልክቶች ከየት መጡ የሚለው ጥያቄ ግን ከእነዚህ ቁራጮች በአንዱ ብቻ አይመለስም። መልሱን የሚፈልግ ከሰዓሊው ልደት በፊት ወደኋላ መሄድ አለበት። ምክንያቱም እስክንድር ሱሪያሊስቶችን ፍለጋ ፓሪስ ከመግባቱ ሃያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ ከእነሱ ወገን የነበረ አንድ ሰው ጎንደር ገብቶ ነበር። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ከ1924 በፊት፦ በሰው ቁመት የሚቆረጥ ብራና

ዓይነ ጥላ የተጠናወተው፣ ልጅ አልበረክት ያላት፣ ሌሊት የሚያቃዠው ሰው ወደ ደብተራ ይሄድ ነበር፤ ዛሬም የሚሄድ አይጠፋም። ደብተራው የበሽተኛውንና የእናቱን ስም ጠይቆ፣ ቆጥሮ ኮከቡን ያወጣል። ቀጥሎ ምን ዓይነት በግ ወይም ፍየል እንደሚታረድ ያዛል። ቆዳው ታጥቦ፣ ተወጥሮና ተፍቆ ብራና ሲሆን በጠባብ በጠባቡ ይቆረጣል፤ ቁራጩም ጫፍ ለጫፍ እየተሰፋ የባለቤቱን ቁመት እስኪያክል ይረዝማል። ክታቡ ሰውየውን ከራስ ጸጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ መጠበቅ አለበትና።

ጽሑፉ በጥቁር ቀለም ይገባል። የጸሎቱ መክፈቻ፣ የቅዱሳን ስምና የባለቤቱ የክርስትና ስም በቀይ ይጻፋሉ። ክታቡ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የአዲሱ ይተካል። በየሙዚየሙ ያሉትን ክታቦች ጠጋ ብሎ ያየ ሰው በቀዩ ስም ሥር የተፋቀ የሌላ ስም ጥላ ያገኛል።

በጽሑፉ መካከል ሥዕሉ ይመጣል፤ ጠልሰም የሚባለው እሱ ነው። ሰይፍ የመዘዘ መልአክ፣ መሐሉ ላይ የሰው ፊት ያለበት ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ፣ የተጠላለፈ ሐረግ፣ በየማዕዘኑ የፈጠጠ ዓይን ይታይበታል። አንዳንዱ ላይ ሱስንዮስ በፈረሱ ላይ ሆኖ ሕፃናት የምትገድለውን ውርዝልያን በጦር ይወጋል። አንዳንዱ ንጉሥ ሰሎሞን አጋንንትን እንደ ዓሣ በመረብ ያጠመደበትን ታሪክ፣ መርበብተ ሰሎሞንን የያዘ ነው።

ይህ ሥዕል የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ካለው በሥራው ይለያል። የግድግዳው ለምእመናን ማስተማሪያና መማጸኛ ነው። ለብዙ ዓመታት ከደብተራዎች ጋር ተቀምጦ ያጠናው ፈረንሳዊው ተመራማሪ ዣክ መርሲዬ እንደሚያስረዳው የጠልሰም ተመልካች ጋኔኑ ራሱ ነው። ጋኔኑ የሚያየው በያዘው ሰው ዓይን በኩል ነው፤ ክታቡ በበሽተኛው ፊት ሲዘረጋ ከብራናው የሚያፈጠው ዓይን ከጋኔኑ ዓይን ጋር ይገጥማል፤ ጋኔኑም ደንግጦ ይወጣል። ስለዚህ ሥዕሉ ማማር ግዴታው አይደለም። መሥራት ግን አለበት። እስክንድር በኋላ ከዚህ ባህል ከወሰደው ሁሉ ትልቁ፣ በእኔ አስተያየት፣ ይህ ነው፦ ሥዕል የሚታይ ብቻ ሳይሆን የሚያይም ነገር ነው የሚለው እምነት።

ደብተራው በማኅበረሰቡ ዘንድ ሁልጊዜ የተፈራም የተጠረጠረም ሰው ነበር። በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ አስማትና ጥንቆላን አጥብቀው አሳደዱ፤ ሕዝቡም ሰይጣንን መካዱን በገላው ላይ እንዲጽፍ አዘዙ። ነገሩን ልብ ላለው ይህም ገላን ክታብ ማድረግ ነው። ክታቡ ግን አልጠፋም። በቆዳ ማኅደር ተሰፍቶ በአንገት ተንጠለጠለ፣ በራስጌ ተሰቀለ። ጥበብ ብሎ የጠራው ግን አልነበረም።

1924–1933፦ ፓሪስ ወደ ጎንደር ስትመጣ

የሱሪያሊዝም አባት አንድሬ ብረቶን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሕክምና ተማሪ ሳለ፣ ከጦር ግንባር አእምሯቸው ታውኮ የሚመጡ ወታደሮች በሚታከሙበት ሆስፒታል አገልግሏል። በ1924 የንቅናቄውን መግለጫ ሲያወጣ ከጀርባው ያ ልምድ ነበረ። እሱና ጓደኞቹ አውሮፓ በምክንያታዊነቷ እየተመካች ሚሊዮኖችን ያስፈጀች ናት ብለው ስላመኑ ተስፋቸውን ከአእምሮ ቁጥጥር ውጭ በሆነው ላይ ጣሉ፦ በሕልም፣ በእብደት፣ በአጋጣሚ፣ ፍሮይድ በገለጠው ውስጠ ኅሊና።

ከዚያ ወደ ምስጢራዊ ጥበብ መሻገሩ ብዙ አልራቀም። በ1929 በወጣው በሁለተኛው መግለጫ ብረቶን የጥንቶቹን የአልኬሚ ሊቃውንት ከሱሪያሊስቶቹ ጋር በዓላማ አንድ አደረጋቸው። ሰዓሊዎቹም የአልኬሚ ምድጃ፣ የታሮት ካርታ፣ የወፍ ራስ ያለው ሰው መሳል ያዙ። ችግራቸው አንድ ነበር፦ እነዚህን ምልክቶች የሚያገኙት ከአሮጌ መጻሕፍትና ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ነው። በአገራቸው ምልክቶቹን የሚጠቀም ጠንቋይ፣ የሚታከምባቸውም በሽተኛ እምብዛም አልቀረም።

ሚሼል ሌሪስ ወደ አፍሪካ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ሌሪስ ገጣሚ ነበር፤ በ1929 ከብረቶን ቡድን ተለያየ። ማርሴል ግሪዮል የመራው የዳካር–ጅቡቲ የጥናት ጉዞ ጸሐፊ ሆኖ ከ1931 ጀምሮ አህጉሩን ከምዕራብ እስከ ምሥራቅ አቋረጠ። በ1932 ጎንደር ገብተው ለወራት ተቀመጡ። ሌሪስ በአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ አስተርጓሚነት መልካም አያሁ ከተባለች የዛር ባለቤት ቤት እየተመላለሰ፣ ኋላም እዚያው እያደረ፣ ዛር ሲወርድ፣ ኮርማ ሲታረድ፣ ሰው ስሙንና ድምፁን ቀይሮ ሲናገር አየ። ፓሪስ ውስጥ በብዕር ሲፈልጉት የነበረው ነገር እዚህ ከብት ታርዶለት፣ ቡና ፈልቶለት፣ የሠፈር ሰው ተሰብስቦበት የሚከናወን የዘወትር ጉዳይ ነው።

ከዚህ ጉዞ ጋር መነሳት ያለበት ሌላም ነገር አለ። ልዑካኑ የጎንደርን የአባ እንጦንዮስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው ላይ አንሥተው ወሰዱ፤ በምትኩ አብሯቸው የነበረው ሰዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ የሠራውን ቅጂ አስቀመጡ። ዋናዎቹ ዛሬም ፓሪስ፣ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ናቸው። ቅጂ በመተካት የተደረገ ልውውጥ ነው ቢባልም፣ የልዑካኑን የራሳቸውን ማስታወሻ ያነበበ ሰው በዚህ ቃል መስማማት ይቸግረዋል።

በ1933 «ሚኖቶር» የተባለው፣ ሱሪያሊስቶች ይጽፉበትና ይስሉበት የነበረው የፓሪስ መጽሔት ሁለተኛ እትሙን ሙሉ በሙሉ ለዚህ ጉዞ ሰጠ። ሌሪስ ለሰይፉ ጨንገር ዛር ስለታረደው ኮርማ ጻፈ። የልዑካኑ አባል የነበረችው የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ተመራማሪ ዴቦራ ሊፍሺትስ ደግሞ ስለ ኢትዮጵያ ክታቦች ጽሑፍ አወጣች። (ሊፍሺትስ አይሁዳዊት ነበረች፤ በ1942 አውሽቪትስ ተወስዳ ሞተች።) እንግዲህ የደብተራው ጠልሰም በፓሪስ የዘመናዊ ሥዕል ወዳጆች ፊት የቀረበው እስክንድር ከመወለዱ አራት ዓመት በፊት ነው።

1937–1955፦ ሀሁ፣ ውሃ ቀለምና አራት ቋንቋ

እስክንድር በ1937፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ አዲስ አበባ ተወለደ። አባቱ የአርመን ተወላጁ የክብር ዘበኛ መኮንን ኮስሮፍ ጎርጎርዮስ ቦጎሲያን፣ እናቱ ወይዘሮ ጸዳለ ወልደ ተክሌ ናቸው። አባቱ ጣሊያንን በመቃወማቸው ለዓመታት ታሰሩ፤ እናቱም ለብቻቸው ኑሮ መሠረቱ። እስክንድርና እኅቱ ያደጉት በአባታቸው ወንድም ቤት ነው።

ፊደል የቆጠረው በባህሉ መሠረት ነው፤ ግእዝ ማንበብና መጻፍ ተማረ። ከዚያ ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ገባ። አማርኛ፣ አርመንኛ፣ እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ እየተናገረ አደገ። ሥዕል ካስተማሩት ሰዎች አንዱ ፖላንዳዊው ስታኒስላስ ሆይናትስኪ ነው። ሆይናትስኪ የውሃ ቀለም ሰዓሊ፣ በሥራው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ፣ በፍቅሩ ደግሞ የኢትዮጵያ ቅዱሳት ሥዕላት ሰብሳቢና የታሪካቸው ጸሐፊ ነበር። ያን ጊዜ ዘመናዊ ሥዕል መማር ማለት የድሮውን መተው ማለት ነው ብለው የሚያምኑ ብዙ ነበሩ። እስክንድር የገጠመው መምህር ግን የብራና ሥዕልን በጥንቃቄ የሚያይ ሆነ፤ ዕድል ነው።

በ1950ዎቹ አጋማሽ ለንጉሠ ነገሥቱ ኢዮቤልዩ በተዘጋጀው ብሔራዊ ዐውደ ርእይ ሁለተኛ ሆኖ ተሸለመ። በ1955 በመንግሥት ነጻ ትምህርት ዕድል ወደ ለንደን ተላከ።

1941–1957፦ የተበተኑት ሲመለሱ

እስክንድር አዲስ አበባ ላይ ባደገባቸው ዓመታት ሱሪያሊዝም ተበትኖ፣ ተለውጦ ተመልሷል። ፓሪስ በናዚዎች እጅ ስትወድቅ ብረቶንና ጓደኞቹ ማርሴይ ወደብ ላይ የመርከብ ተራ ሲጠብቁ የራሳቸውን የታሮት ካርታ እየሳሉ ጊዜ ይገፉ ነበር። በ1941 ብዙዎቹ ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። ሊዮኖራ ካሪንግተንና ሬሜዲዮስ ቫሮ ሜክሲኮ ገብተው ማዕድ ቤትን፣ አልኬሚንና ተረትን በአንድ ሸራ ላይ ማዋሃድ ጀመሩ።

ለዚህ ታሪክ ግን ዋናው ሰው ዊፍሬዶ ላም ነው። ላም ኩባዊ ነው፤ አባቱ ቻይናዊ፣ እናቱ ከአፍሪካና ከስፔን የተቀላቀለ ዘር ያላቸው፣ የክርስትና እናቱ ማንቶኒካ ዊልሰን ደግሞ የሳንቴሪያ እምነት ዐዋቂ ነበሩ። ወጣትነቱን በስፔንና በፓሪስ አሳልፎ በ1941 አገሩ ሲገባ በልጅነቱ ያያቸው መናፍስት እንደ አዲስ ታዩት። በ1943 የጨረሰው «ጫካው» የተባለው ሥዕል የሸንኮራ አገዳ እርሻ ውስጥ የሰው፣ የፈረስና የተክል አካል የተቀላቀለባቸው ፍጥረታት ቆመው የሚያፈጡበት ነው። የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም በ1945 ገዛው። ከዚያ በፊት ሱሪያሊስቱ የሌላውን ሕዝብ አምልኮ ከውጭ ያይ ነበር። ላም አምልኮው ካለበት ቤት የወጣ ሰው ነው፤ የሱሪያሊዝምን ስልት ይዞ ወደዚያው ቤት ተመለሰ።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ቡድኑ ፓሪስ ሲገናኝ ወደ ምስጢሩ ይበልጥ ዘልቆ ነበር። በ1947 ያዘጋጁት ዐውደ ርእይ ጎብኚው መሠዊያዎችን እያለፈ እንደ ምስጢር ተቀባይ የሚጓዝበት ነው። በ1957 ብረቶን «ምትሃታዊ ጥበብ» የተሰኘ ዳጎስ ያለ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያው ዓመት ሃያ ዓመት የሞላው እስክንድር የለንደን ቆይታውን አብቅቶ ፓሪስ ደረሰ።

1957–1966፦ ዘጠኝ ዓመት በፓሪስ

ለንደን ላይ በሴንት ማርቲንስ፣ በሴንትራል እና በስሌድ የሥዕል ትምህርት ቤቶች እየተዘዋወረ ተምሯል፤ ከእነዚህ ሁለት ዓመታት ግን ይህ ነው የሚባል የእሱ ድምፅ አልወጣም። ፓሪስ ሌላ ሆነች። ሞንፓርናስ በሚገኘው ግራንድ ሾሚዬር አካዳሚ ተማረ፣ አስተማረም። ከተማይቱ በዚያን ጊዜ «ፕሬዛንስ አፍሪኬን» የተባለው መጽሔት የሚታተምባት፣ በ1956 ደግሞ የጥቁር ጸሐፊዎችና የጥበብ ሰዎች ጉባኤ በሶርቦን የተካሄደባት ነበረች። እስክንድር ከደቡብ አፍሪካዊው ሰዓሊ ጄራርድ ሴኮቶ ጋር ተዋወቀ፤ ስለ ጥንታዊት ግብጽና ስለ አፍሪካ ሥልጣኔ የሴኔጋላዊው ሼክ አንታ ዲዮፕ ክርክር በጆሮው ደረሰ። ጃዝ ደግሞ ከክለቡ ሁሉ ይሰማል።

ከሰዓሊዎቹ የፓውል ክሌ ምልክቶችና የቺሊያዊው ሮቤርቶ ማታ በሕዋ ላይ የሚንሳፈፉ ቅርጾች ማረኩት። የላምን ሥዕል ፓሪስ ላይ ማየቱ ግን ከሁሉ በላይ አናወጠው። ነገሩ አይገርምም። ላም የሠራውን ሥራ የሚሠራበት የራሱ ቤት እስክንድርም ነበረው፤ በአንገቱ ክታብ ያንጠለጠለ ሰው ማየት ለአዲስ አበባ ልጅ ብርቁ አልነበረም።

በዚህ ቦታ ብዙ ጸሐፊዎች ታሪኩን ያቀሉታል፤ «አፍሪካዊው ሰዓሊ ፓሪስ ሄዶ ሱሪያሊዝምን ተማረ» ይላሉ። ፈቃድ አገኘ ቢባል ይሻላል ባይ ነኝ። በአዲስ አበባ የተማረ ወጣት ስለ ደብተራ ጠልሰም ቢያነሳ ወይ ኋላቀር ወይ ነገረኛ ይባል ነበር። ፓሪስ ላይ የዓለም ታላላቅ ሰዓሊዎች እንዲህ ያለውን ነገር ሲመኙትና ሲሰበስቡት አየ። ሌሪስም በ1958 ስለ ጎንደር ዛር መጽሐፍ አሳትሟል። እስክንድር በአገሩ የተናቀውን ቅርስ ዋጋ ያወቀው የሚፈልጉትን ሰዎች ካየ በኋላ ነው። መራራ ቢሆንም በቅኝ ግዛት ዘመን ብዙ የአፍሪካ ጥበብ ሰዎች ያለፉበት መንገድ ነው።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ «መጋቢዎቹ» ብሎ የሰየማቸውን ተከታታይ ሥዕሎች ጀመረ። በ1964 ደግሞ ሁለት ሥራዎች ወጡ። «የፍርሃትና የደስታ የሌሊት በረራ» የተባለው ዘይት ቅብ ጎንና ጎኑ ከአንድ ሜትር ተኩል ብዙም የማይርቅ ሸራ ነው። በጨለማ ሰማይ ላይ ክንፋም ፍጥረታት ይንሳፈፋሉ፤ ወፍ ናቸው፣ መልአክ ናቸው፣ ወይስ ጋኔን፣ ሥዕሉ ለይቶ አይነግርም። ነጠብጣቡ ኮከብም ዓይንም ይሆናል። ፍርሃትና ደስታ በርእሱ ውስጥ ጎን ለጎን መቀመጣቸውም በከንቱ አይመስለኝም፤ ክታብ ፊት የቀረበ በሽተኛ ስሜቱ ይኸው ነው፤ ያድነኛል ብሎ ይጓጓል፣ ከሚያፈጠው ዓይን ደግሞ ይሸሻል።

«የጁጁ ሠርግ» መጠኑ ትንሽ፣ አሠራሩ የሚገርም ነው። በተቆረጠና በተቀደደ ካርቶን ላይ በቴምፔራና በብረት ቀለም የተሠራ ነው። ሱሪያሊስቶቹ ቅዳጅ ወረቀት የሚለጥፉት የማይገናኙ ነገሮችን አጋጭተው ለማስደንገጥ ነበር። እዚህ ግን ቁራጮቹ የተገናኙት ለግጭት አይደለም፤ ርእሱ ራሱ ሠርግ ይላል። የብረት ቀለሙም ብርሃን በተለወጠ ቁጥር ይለዋወጣል፤ ተመልካቹ ከቦታው ሲንቀሳቀስ ሥዕሉ አብሮ የሚንቀሳቀስ ይመስላል።

የፓሪስ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም በ1963 አንድ ሥራውን ገዛ። ብዙም ሳይቆይ የኒው ዮርኩ ሙዚየም «የጁጁ ሠርግ»ን ገዛ፤ ይህም የላም «ጫካው» ያለበት ቤት ነው። እስክንድር በሁለቱም ሙዚየሞች ሥራቸው ከተገዛላቸው የመጀመሪያዎቹ የዘመኑ አፍሪካውያን ሰዓሊዎች አንዱ ሆነ። በ1966 አገሩ ተመለሰ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ብረቶን ሞተ።

1966–1969፦ ሦስት ዓመት በአዲስ አበባ

አቶ አለ ፈለገ ሰላም ያቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያን ጊዜ ገና አሥር ዓመት አልሞላውም። ሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ የአፍሪካ አዳራሽን የመስታወት ሥዕል ጨርሰው ስማቸው ገንኗል። ከጀርመን የተመለሰው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ረቂቅ ሥዕልን ለአዲስ አበባ አስተዋውቆ «ይህ ኢትዮጵያዊ ነው ወይ?» የሚል ሙግት ገጥሞታል። እስክንድር ወደዚሁ ሙግት መሐል ገባ። የእሱ መልስ ለሁለቱም ወገን አይመችም ነበር፦ አሠራሩ እንደ ገብረ ክርስቶስ ዘመናዊ ነው፤ ምንጩ ደግሞ ወግ አጥባቂዎቹ ራሳቸው ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል በታች አድርገው የሚያዩት ክታብ ነው።

ተማሪዎቹን የነገራቸው በዙሪያቸው ያለውን እንዲያዩ ነው። በፍየል ቆዳና በብራና ላይ መሳል ትክክለኛ ሥራ ሆነ። ከዚያ ዘመን ተማሪዎች ዘሪሁን የትምጌታ ሥዕሉን በቀጫጭን የቀርከሃ ዘንጎች ላይ እየደረደረ ክታብ የመሰለ ቋሚ ቅርጽ አበጀለት። ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ፊደላችንን ቆርሶ፣ ገልብጦና ዘርግቶ የሥዕል አካል አደረገው። በ1967 እስክንድር የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅትን የሥነ ጥበብ ሽልማት ተቀበለ።

በ1969 ማስተማሩን አቆመ። ሦስት ዓመት አጭር ነው፤ ቢሆንም በኢትዮጵያ ሥዕል ውስጥ «ከእስክንድር በፊትና በኋላ» የሚያሰኝ መስመር የተሰመረው በእነዚህ ዓመታት ነው።

1970–1991፦ ሃዋርድ

ወደ አሜሪካ የገባው የጥቁሮች የጥበብ ንቅናቄ በተጋጋለበት ሰዓት ነው። ለጥቂት ጊዜ አትላንታ ቆይቶ በዋሺንግተን የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ፤ እስከ 2001 ከዚያ አልወጣም። የጥበብ ክፍሉን የሚመራው ጄፍ ዶናልድሰን የአፍሪኮብራ ቡድን መሥራች ነበር፤ የጥቁሮች ሥዕል ከአፍሪካ ሥሩ ጋር መገናኘት አለበት ብሎ የሚያምን ሰው። አሜሪካውያኑ ያንን ሥር በመጻሕፍት ይፈልጉት ነበር። እስክንድር ይዞት ገባ።

ከ1972 እስከ 1973 የሠራው «የመጀመሪያው ፍጻሜ» ዛሬ በስሚዝሶኒያን የአፍሪካ ጥበብ ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል። አብዮቱ የፈነዳው በ1974 በመሆኑ ሥዕሉን እንደ ትንቢት የሚያነቡት አሉ። እኔ አልቸኩልም፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባን ያየ ሰው ነገሩ እያበቃ መሆኑን ለመገመት ትንቢት አያስፈልገውም ነበር። አብዮቱ ግን የመመለሻውን በር ዘጋው፤ ዋሺንግተንንም በስደተኛ ወገኖቹ ሞላት። ከዚያ በኋላ ኑሮውን ኢትዮጵያ ላይ አላደረገም።

በስደቱ ዘመን የተለወጠው የሚሳልበት ነገር ነው። በ1981 «የዘመን ዑደት 3»ን የሠራው ከዛፍ ልጥ ተቀጥቅጦ በሚዘጋጅ ጨርቅ ላይ፣ ቅርጹን ከውስጥ እያሳበጠ ነው። ይህ ጨርቅ የኢትዮጵያ አይደለም፤ በይበልጥ የሚታወቀው በኡጋንዳ ነው። መደቡ ግን የክታብ ነው፦ በመስመር የተከፈለ ሜዳ፣ በየክፍሉ የተቀመጠ ምልክት። ቀለም በብዛት ከሚናገርበት ከ1964ቱ ሸራ ጎን ቢቀመጥ እጅግ ዝምተኛ ይመስላል፤ ምልክቱ የሚታየው በጥላው ነው፤ መብራቱ ከጎን ሲሆን ይወጣል፣ ፊት ለፊት ሲሆን ይሰወራል። ፓሪስ ላይ ፍጥረታቱ ይበሩ ነበር። እዚህ ምልክቶቹ ቆዳው ውስጥ ገብተዋል። ከሱሪያሊዝም የራቀው፣ ለደብተራው ደግሞ ይበልጥ የቀረበው በዚህ ጊዜ ይመስለኛል።

1992–2003፦ ክታቡ ሙዚየም ገባ

በ1992 መርሲዬ ፓሪስ ላይ የኢትዮጵያን ክታቦች ያሰባሰበ ትልቅ ዐውደ ርእይ አዘጋጀ፤ በ1997 ደግሞ ኒው ዮርክ ላይ ሌላ። እንደ ጌራና ጌዴዎን ያሉ ደብተራዎች በወረቀት ላይ የሳሏቸው ጠልሰሞች በስማቸው ቀረቡ። ስሙን ሳይገልጥ ይሠራ የነበረው ደብተራ የጥበብ ሰው ተባለ። እስክንድር ይህን ከሠላሳ ዓመት በፊት በሥራው ተናግሮት ስለነበር በእነዚያ አዳራሾች ያለፈ ኢትዮጵያዊ ሰዓሊ ብዙም አልተደነቀ ይሆናል። ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው። ጌራ ይስል የነበረው የሚታከም ሰው ስለነበረ ነው። እስክንድር በሽተኛም ጋኔንም ሳይኖር የዓይኑን ኃይል ብቻ ለይቶ መውሰድ ይቻላል ወይ ብሎ ዕድሜውን ሙሉ ሞከረ።

የመጨረሻው ትልቅ ሥራው ከቀድሞ ተማሪው ከከበደች ተክለአብ ጋር የሠራው «ኔክሰስ» ነው። ከበደች ገጣሚም ሰዓሊም ናት፤ በሶማሊያ እስር ቤት አሥር ዓመት አሳልፋ ነው አሜሪካ የገባችው። በ2001 በዋሺንግተን የኢትዮጵያ ኤምባሲ ግድግዳ ላይ የቆመው ይህ የአሉሚኒየም ቅርጽ ርዝመቱ ወደ 16 ሜትር ይጠጋል። የክርስትና፣ የእስልምና፣ የአይሁድና የነባር እምነቶች ምልክቶች፣ የሙዚቃ መሣሪያዎች፣ የሥራ ዕቃዎች፣ ዕፅዋትና እንስሳት ተጠላልፈውበታል። አንድ ሰው በአንገቱ ደብቆ የሚይዘው ነገር የአገር ፊት ሆኖ አደባባይ ወጣ። የመንግሥት ግድግዳ የሚጠይቀውን አሟልቶ፣ ሁሉንም ወክሎ፣ ማንንም ሳያስቀይም ተሠርቷል። ስለዚህም ይመስለኛል የ1964ቱን ሸራ ያህል የማያስፈራው።

በግንቦት 2003 መጀመሪያ ላይ የስሚዝሶኒያን የአፍሪካ ጥበብ ብሔራዊ ሙዚየም በስደት ያሉ ኢትዮጵያውያን የጥበብ ሰዎችን ሥራ ለሕዝብ ከፈተ። የወሰኔ ፊደላት፣ የጁሊ ምሕረቱ ንድፎች፣ የአይዳ ሙሉነህ ፎቶግራፎች ከእስክንድር ሥራዎች ጋር በአንድ ዐውደ ርእይ ቀረቡ። ግንቦት 4 ቀን እስክንድር በዚያው በዋሺንግተን ዐረፈ። ዕድሜው 65 ነበር። ዐውደ ርእዩ ቀጠለ።